ኪኒኑን ከመጣልህ በፊት፦ ስለ ድብርት መድኃኒትና ስለ ወንድ ጡት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጎንደር አራዳ ሱቆች ገና እየተከፈቱ ነበር። አንድ ወጣት ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባ። ከፊቱ ሁለት እናቶች ስለነበሩ የጥርስ ሳሙናው መደርደሪያ ጋ ቆሞ ጠበቀ። የፈለገው የጥርስ ሳሙና እንዳልሆነ ያስታውቃል። እናቶቹ ሲወጡ ጠጋ አለና ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት አንድ ስትሪፕ አውጥቶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠ። ከአሥሩ እንክብል ስድስቱ ተወስዷል፤ አራቱ ቀርቷል።

«ዶክተር፣ ይቺን ተቀበለኝ። ብሩ ባይመለስም ግድ የለም።»

«ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ምን አገኘህ?»

መልስ አልሰጠኝም። ስልኩን ከፈተና አንድ ጽሑፍ አሳየኝ። ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ማታ ቤት ገብቼ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ጽሑፍ ይዘው የመጡ ሌሎች ሁለት ሰዎች አጋጥመውኛል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። የድብርት መድኃኒት የሚወስድ ወንድ ሁሉ ጡት ያወጣል። ምክንያቱ መድኃኒቱ ውስጥ የሴት ሆርሞን ስላለ ነው። ለዚህም አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት አንድን ኩባንያ 8 ቢሊዮን ዶላር ቀጥቷል። አንዴ ያበጠ ጡት ያለ ቀዶ ሕክምና አይመለስም። ስለዚህ የሚወስድ ሁሉ ዛሬውኑ ያቁም። መደምደሚያው ላይ ደግሞ ወንድ ልጅ ድብርትን የሚያሸንፈው በጉብዝና እንጂ በኪኒን አይደለም ይላል።

ከእውነቱ ልጀምር፤ ጽሑፉ ውስጥ እውነት አለና። የድብርት መድኃኒት በሚወስዱ አንዳንድ ወንዶች ላይ የጡት ማበጥ ታይቷል። በሕክምናው ቋንቋ ጋይኔኮማስቲያ ይባላል። ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም። ካርቶኑን ስትከፍቱ በደቃቅ ፊደል የታተመች፣ ብዙ ጊዜ እጥፋቷ ሳይፈታ የምትጣል ወረቀት አለች። አሚትሪፕቲሊን የተባለውን የድብርት መድኃኒት መረጃ ብታነቡ የወንድ ጡት ማበጥን ታገኛላችሁ። ሰርትራሊን የተባለው ሌላ የድብርት መድኃኒት መረጃ ውስጥም መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ሪፖርት ከተደረጉት ነገሮች መካከል ተጽፏል። ስለዚህ «ፈጽሞ ሆኖ አያውቅም» የሚላችሁ ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል።

ነገር ግን «ታይቷል» እና «ሁሉም ያወጣል» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሪፖርት ተደረገ ማለት አንድ ሐኪም ወይም አንድ ታካሚ ይህን መድኃኒት እየወሰድኩ ወይም እየሰጠሁ ይህን አየሁ ብሎ አሳወቀ ማለት ነው። ያ ሰው ሌላ መድኃኒትም ይወስድ ይሆናል፤ ጉበቱን ይታመም ይሆናል። ሪፖርቱ ጥርጣሬን ያስቀምጣል፤ ለማረጋገጥ ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ስለ ድብርት መድኃኒቶችና ስለ ወንድ ጡት ማበጥ ያለው አብዛኛው መረጃ እንዲህ ያለ የአንድ የሁለት ሰው ታሪክ ነው። እነዚህን መድኃኒቶች በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ወንድ ይወስዳቸዋል። ፍሉኦክሴቲን ብቻውን አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደበት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አለ። «ሁሉ» የሚለው ቃል እውነት ቢሆን ኖሮ ይህን ለማወቅ ጽሑፍ አያስፈልገንም ነበር። በየቤታችን እናየው ነበር።

ደግሞ የወንድ ጡት ያለ ምንም መድኃኒትም ያብጣል። ይህን ጽሑፉ ጨርሶ አያነሳውም። የእኅቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። በጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ ጓደኞቹ ልብሳቸውን እያወለቁ ወደ ውኃው ሲዘሉ እሱ ዳር ላይ ቆሞ ቀረ። እናቱ ውኃው በርዶት ነው ብላ ነበር። ማታ ነው ለኔ ሹክ ያለኝ። ከጡቱ ጫፍ ሥር ሳንቲም የምታህል ጠንካራ ነገር ወጥታበታለች፤ ስትነካ ታመዋለች። ሸሚዙን ማውለቅ ያፈረው ለዚህ ነው። ይህ ልጅ በሕይወቱ የድብርት ኪኒን አልነካም። በጉርምስና ዕድሜ ሆርሞኖች ሲዘበራረቁ ይህ በብዙ ወንዶች ልጆች ላይ ይደርሳል። ግማሽ ያህሉ ላይ ይታያል ቢባል ማጋነን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜም ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። አራስ ወንድ ልጅም ከእናቱ በወሰደው ሆርሞን ምክንያት ጡቱ አብጦ ሊወለድ ይችላል። ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰውም የወንድ ሆርሞኑ ቴስቶስትሮን እየቀነሰ ሲሄድ ያጋጥመዋል። ወላጆች፣ ልጃችሁ ልብስ ማውለቅ ድንገት ከጠላ ዝም ብላችሁ አትሳቁበት።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። ጡት የመሰለ ሁሉ ጡት አይደለም። ሰው ሲወፍር ደረቱም ላይ ስብ ይጠራቀማል። እዚህ ላይ የድብርት መድኃኒቶች ድርሻ አላቸው። አሚትሪፕቲሊን፣ ሚርታዛፒንና ፓሮክሴቲን የምግብ ፍላጎት ሊጨምሩና ክብደት ሊያመጡ ይችላሉ። ድብርቱ የለቀቀው ሰው ራሱ መብላት ይጀምራል፤ ይህ መልካም ነው። ግን ስብና የጡት ዕጢ የተለያዩ ናቸው። በጀርባህ ተኛ። በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ጡትህን ከግራና ከቀኝ ያዝና ቀስ ብለህ ወደ ጫፉ አምጣቸው። ከጫፉ ሥር እንደ ጎማ ጠንከር ያለ ክብ ነገር ካገኘህ የጡት ዕጢ ሊሆን ይችላል። ጣቶችህ ምንም ሳያግዳቸው ጫፉ ጋ ከተገናኙ ስብ ነው። ይህ ምርመራውን አይተካም። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ግን የምትናገረውን ያሳውቅሃል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። መድኃኒቱ ውስጥ የሴት ሆርሞን አለ የሚለው ንጹህ ስሕተት ነው። ፍሉኦክሴቲን ሆርሞን አይደለም። አሚትሪፕቲሊንም አይደለም። ሰርትራሊንም አይደለም። የሴት ሆርሞን የሚባለው ኢስትሮጅን ደግሞ የሴት ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ወንድ በሰውነቱ ውስጥ አለው። ቴስቶስትሮኑ በብዛት ስላለ ይሸፈናል እንጂ። የወንድ ጡት የሚያብጠው በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን ሲዛባ ነው።

ታዲያ የድብርት መድኃኒት በምን በኩል ሊገባበት ይችላል? ፕሮላክቲን በሚባል ሆርሞን በኩል ነው። ፕሮላክቲን የምታጠባ እናትን ወተት የሚያመጣው ሆርሞን ነው። ከአንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ ይመነጫል። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ፍሬን ይዞበታል። ሴሮቶኒን የሚባለው ሌላው የአንጎል ንጥረ ነገር ደግሞ በተወሰነ ደረጃ ገፋ ያደርገዋል። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉ መድኃኒቶች ሴሮቶኒንን ስለሚጨምሩ በአንዳንድ ሰው ላይ ፕሮላክቲን ከፍ ሊል ይችላል። ፕሮላክቲን ብዙ ከፍ ሲል ቴስቶስትሮን ይወርዳል፤ ሚዛኑ ይዛባል። መንገዱ ይህ ነው። አብዛኛው ሰው ላይ ግን ፍሬኑ እንደተያዘ ነው፤ ስለዚህ ምንም አይታይም።

ሦስተኛው የፍርድ ቤቱ ነገር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰውን ያስደነገጠው ይህ ቁጥር ነውና። ፍርዱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ፊላደልፊያ ውስጥ የተሰየመ ዳኞች ጉባኤ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን የተባለው ኩባንያ 8 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ከሳሹ መድኃኒቱን በልጅነቱ የወሰደና ጡቱ ያበጠ ሰው ነው። ክሱም ኩባንያው አደጋውን በበቂ ሁኔታ አላስጠነቀቀም የሚል ነበር። ጽሑፉ ያልነገራችሁ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በጥር 2020 ዳኛው ገንዘቡን ወደ 6.8 ሚሊዮን ዶላር አወረደው። ሁለተኛውና ዋናው፣ መድኃኒቱ የድብርት መድኃኒት አልነበረም። ሪስፔሪዶን ነበር።

ሪስፔሪዶን የሚሰጠው በዋናነት ለስኪዞፍሬንያ (ሰው የማይሰማውን ድምፅ ሊያሰማ ለሚችለው የአእምሮ ሕመም) እና ለመሳሰሉት ሕመሞች ነው። ሥራውም ዶፓሚንን መዝጋት ነው። ቅድም ፍሬን ያልኩት ያንን ነው። ፍሬኑ ሲለቀቅ ፕሮላክቲን ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ ሪስፔሪዶን ላይ የጡት ማበጥ በግልጽ የታወቀና በጥንቃቄ የሚጠበቅ ነገር ነው። ለዚሁ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚንም እንደዚሁ ናቸው። የአንዱን ጥፋት በሌላው ላይ መለጠፍ ግን አይገባም።

ይህ መቀላቀል የመጣው ከየት እንደሆነ ይገባኛል። እኛ አገር ሁሉም «የጭንቅላት መድኃኒት» ነው። ለድብርቱም፣ ለሚጥል በሽታውም፣ ለእንቅልፉም፣ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰማውም አንድ ስም ነው ያለን። አንዳንዱ ደግሞ «የነርቭ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ አንድ ማዘዣ ላይ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ድብርቱ የጠናበትና በዚያ ላይ የሌለ ነገር የሚታየው ሰው ፍሉኦክሴቲንም ሪስፔሪዶንም ሊታዘዝለት ይችላል። እሱ ቤቱ ሄዶ «የድብርት መድኃኒት ነው የምወስደው» ይላል። ጡቱ ሲያብጥ ስሙ የሚጠፋው ፍሉኦክሴቲን ነው። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የመድኃኒቱን ስም ይወቅ የምለው። ቀለሙን አይደለም። «ቢጫዋ» «ነጯ» አይበቃም። ስሙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ጽሑፉ ጣቱን አንድ ቦታ ስለቀሰረ ሰው እውነተኛውን ምክንያት እንዳያይ አድርጓል። ከአዘዞ የሚመጡ አንድ አባት አሉኝ። ስኳር አለባቸው፤ ልባቸውም ደካማ ነው። ማታ ማታ እግራቸውን እንደ እሳት ስለሚያቃጥላቸው አሚትሪፕቲሊን በትንሹ ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ለነርቭ ሕመምም ይሰጣል። ሁለቱም ጡታቸው አብጦ ሸሚዝ ሲነካቸው እንኳ ያማቸው ጀመር። ልጃቸው ከወራት በፊት ይህንኑ የመሰለ ጽሑፍ አነበበና አሚትሪፕቲሊኑን ጣለው።

ወደኔ ሲመጡ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ ጡቱም አልሟሸሸ፣ እንቅልፉም ሄደ» አሉኝ። «አባቴ፣ የሚወስዱትን ሁሉ ያምጡልኝ» አልኳቸው። በማግስቱ በፌስታል ይዘው መጡ። መስታወቱ ላይ ዘርግፈን አንድ በአንድ ለየነው። አሚትሪፕቲሊኑን ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጡታቸው ያመማቸው ከአምስት ወር ወዲህ ነው። ከሰባት ወር በፊት ደግሞ ለልባቸው አንድ አዲስ መድኃኒት ተጨምሮላቸዋል፤ ስፒሮኖላክቶን።

የወንድ ጡት የሚያሳብጡ መድኃኒቶችን ስም ጥራ ብትሉኝ መጀመሪያ የምጠራው እሱን ነው። ስፒሮኖላክቶን የቴስቶስትሮንን ሥራ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱ የታተመ፣ 1,663 የልብ ድካም ታካሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት አለ። ስፒሮኖላክቶን ከወሰዱት ወንዶች 10 በመቶው ላይ የጡት ማበጥ ወይም ሕመም ታየ። መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ኪኒን ከወሰዱት ላይ ግን 1 በመቶ ብቻ ነበር። ማስረጃ ማለት እንዲህ ያለው ነው። ይኸው ጥናት ግን መድኃኒቱ የብዙ ሰው ሕይወት እንዳተረፈም አሳይቷል። ስለዚህ አባትየውን «ይጣሉት» አላልኳቸውም። ወረቀት ላይ ቀኖቹን በቅደም ተከተል ጻፍኩላቸውና ወደ ልብ ሐኪማቸው ላክኋቸው። ሐኪሙ አይቶ መድኃኒቱን ቀየረላቸው። አሚትሪፕቲሊኑንም መልሰው ጀመሩ። በሁለት ወር ውስጥ ሕመሙ ለቀቃቸው። እብጠቱ አሁን የሚታየው ቀርበው ሲያዩት ብቻ ነው።

ሌሎችም አሉ። ለጨጓራ የሚወሰደው ሲሜቲዲን። ለፈንገስ በኪኒን የሚወሰደው ኬቶኮናዞል። ቀደም ሲል ለኤችአይቪ በስፋት ይሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝ። ማስታወክን የሚያቆመው ሜቶክሎፕራማይድ፤ እሱም ዶፓሚንን ስለሚዘጋ ነው። ጂም ቤት ያሉ ልጆች ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወጉት ስቴሮይድ፤ ሰውነት የተረፈውን ወደ ኢስትሮጅን ስለሚቀይረው ደረት አሰፋለሁ ያለው ልጅ ጡት ያወጣል። አረቄም አለ። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ሆርሞኑን በአግባቡ ማስወገድ ስለማይችል ጡቱ ያብጣል። የኩላሊት ድካም፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት፣ የዘር ፍሬ ላይ የሚወጣ እባጭ አለ። በረሃብ ከተጎዳ በኋላ እንደገና መብላት የጀመረ ሰው ላይ እንኳ ይታያል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስር ቤቶች በወጡ ሰዎች ላይ በደንብ ተመዝግቧል። ይህን ሁሉ ዘሎ አንድ ፍሉኦክሴቲን ላይ መፍረድ አያስኬድም።

አራተኛው፣ አንዴ ያበጠ አይመለስም የሚለው ነው። ይህም ስሕተት ነው። በመድኃኒት ምክንያት የመጣ እብጠት መድኃኒቱ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ይሟሽሻል። ዋናው ጊዜው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተደረሰበት ይመለሳል። ዓመት ካለፈው ግን ዕጢው ወደ ጠባሳ መሰል ሥጋ ይለወጣል፤ ያኔ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። በመካከሉ እንደ ታሞክሲፌን ያለ መድኃኒት ሐኪም ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ የሚጎዳው ማፈርና መደበቅ ነው።

አምስተኛው የጽሑፉ ትልቁ ጥፋት ነው። ዛሬውኑ አቁሙ ይላል። ይህን ምክር ሰምቶ ፓሮክሴቲን ወይም ቬንላፋክሲን በአንድ ቀን ያቆመ ሰው ምን እንደሚያጋጥመው ጸሐፊው አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ሰውየው ይዞርበታል። ያቅለሸልሸዋል። እንቅልፉ በቅዠት ይሞላል። በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ ያለቅሳል። አንዱ «ጭንቅላቴን ባዞርኩ ቁጥር ኮረንቲ የነዘረኝ ይመስለኛል» ብሎኛል። ሰርትራሊንና አሚትሪፕቲሊንም በድንገት ሲቆሙ ያስቸግራሉ። ፍሉኦክሴቲን ከሰውነት እስኪወጣ ሳምንታት ስለሚፈጅ ሲቋረጥ ያን ያህል አይረብሽም። ግን አታላይነቱም እዚያው ላይ ነው። ሰውየው ካቆመ በኋላ ጥቂት ጊዜ ደህና ይሆናል። «አየህ፣ አላስፈለገኝም ነበር» ይላል። ድብርቱ የሚመለሰው ከወር ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ማንም ከኪኒኑ ጋር አያያይዘውም።

ለዚህ ነው ሰው ከተሻለው በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ቀጥል የሚባለው። ሲቆምም መጠኑ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ነው።

ማስጠንቀቂያ መጻፍ ከተፈለገ ሊጻፍ የሚገባው ሌላ ነበር። ዕድሜያቸው ከ25 በታች በሆኑ ወጣቶች ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ቤተሰብ ዓይኑን ማንሳት የለበትም። ይህ ከጡት ይበልጥ አንገብጋቢ ነው። ጽሑፉ ግን አንድ መስመር አልሰጠውም። የወንዶችን ነገር ካነሳን ደግሞ በእውነት የተለመደው ሌላ ነው። እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉት የግብረ ሥጋ ፍላጎት ይቀንሳሉ፤ የዘር ፈሳሽ ያዘገያሉ። ይህ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ወንዶቻችን ግን ለሐኪምም ለሚስትም ሳይናገሩ ኪኒኑን ያቆማሉ። መጠን በመቀነስ ወይም መድኃኒት በመቀየር የሚስተካከል ነገር ነው። እባካችሁ ተናገሩ። እኛም ስንሰጥ እንንገራችሁ። እዚህ ላይ የኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት አለ። ሰልፉ ረጅም ነው ብለን «ጠዋት አንድ» ብለን እንሸኛለን። እኛ ያልነገርነውን ሰው ከየትም ያነበዋል።

የመጨረሻው የጉብዝናው ነገር ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብዳል። እኔ ያደግኩት ጉብዝና በሚወደስበት ከተማ ነው። ፒያሳ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል። ቀረርቶውንም ሽለላውንም ከሕፃንነታችን ሰምተናል። ግን ከአልጋው መነሳት ያቃተው፣ ልጁ ስታናግረው የማይሰማው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነቅቶ ጣራ የሚያይ ሰው ፈሪ አይደለም። ታሟል። ስኳር ያለበትን ሰው በጉብዝና አሸንፈው የሚል ማንም የለም። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። ጸበሉ ኪኒኑን አይከለክልም፤ ኪኒኑም ጸበሉን። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። የአእምሮ ሕክምናውም እዚሁ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ። ቅርብ ነው። ከሩቅ የሚያስቀረን ሐፍረቱ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ደግሞ ያንን ሐፍረት ያፋፍመዋል።

እሺ፣ መድኃኒት እየወሰድክ ጡትህ ያበጠ ወይም ያመመህ ከመሰለህ ምን ታደርጋለህ? ኪኒኑን አትጣል። መቼ እንደጀመረህ ጻፍ። የምትወስደውን ሁሉ፣ ለጨጓራ ከሱቅ የገዛኸውን ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘህ ያዘዘልህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የፕሮላክቲን፣ የጉበት፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድ ምርመራ ሊያዝልህ ይችላል። የድብርቱ መድኃኒት ሆኖ ከተገኘም ሌላ አለ፤ ይቀየራል። መድኃኒት ያመጣብህን ችግር ለኛ ለፋርማሲስቶች ንገረን፤ ሪፖርት የምናደርግበት ቢጫ ቅጽ አለን። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም 8482 ነፃ መስመር አለው።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። እብጠቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ፣ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ከጫፉ ሥር ሳይሆን ወደ ጎን ከሆነ፣ የጡትህ ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም ካወጣ፣ ብብትህ ሥር ጓጉሎ ከተገኘ፣ ቶሎ ታይ። ከጡት ካንሰር ታማሚዎች ውስጥ ከመቶ አንዱ ወንድ ነው። ወንዶች ደግሞ የሚመጡት ዘግይተው ነው። «ከኪኒኑ ነው» ብሎ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ይህ ሊያመልጠው ይችላል።

ማክሰኞ ወደመጣው ልጅ ልመለስ። ከጀርባ ወዳለችው ክፍል አስገባሁትና ወንበር ሰጠሁት። አብጧል ወይ አልኩት። አላበጠም። ግን ጽሑፉን ካነበበ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ጡቱን ይጫነዋል። ስለሚጫነው ያመዋል። ስለሚያመው ጀመረ ብሎ ይፈራል። ስድስት ቀን ብቻ ነው የወሰደው። በስድስት ቀን ውስጥ መድኃኒቱ ጥቅሙን እንኳ ገና አላሳየም፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ከላይ የጻፍኩትን ከሞላ ጎደል ነገርኩት። የፍርድ ቤቱን ሳስረዳው ስልኩን አውጥቶ ስሙን አመሳከረ። ሪስፔሪዶን የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ የራሱን ስትሪፕ ገልብጦ ጀርባው ላይ ያለውን አየ።

ኪኒን ለምን እንደጀመረ አልጠየቅኩትም። እሱ ግን ነገረኝ። ያን እዚህ አልጽፈውም።

ሲወጣ ስትሪፑን መስታወቱ ላይ አልተወውም። በሩ ጋ ደርሶ ዞረ።

«ከቁርስ በፊት ነው በኋላ?»

«እንደተመቸህ። ጠዋት ይሁን እንጂ።»

ኪሱ ከተተው።